ለመታየት የተገዛ መብራት

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር የትናየት ገንዳ ውሃ ከተማ ካለው ቢሮዋ ደጃፍ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያራገፈች ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሀቡብ መጥቶ ነበር። ሀቡብ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሱዳን በኩል ተነሥቶ ጠራራውን ፀሐይ የሚያጨልም የአቧራ ማዕበል ነው፤ ሲሄድ ደግሞ ድሃ ሀብታም ሳይል ለሁሉም የድርሻውን አፈር ጫማው ውስጥ ትቶለት ይሄዳል።

«የትና፣ እኔ ነኝ» አሉ ጡረተኛው ኮማንደር ቸሩ። ድምፃቸው ተሰብሯል። «ቢሻው ሞተ። ኮኪት አጠገብ፣ ወደ እርሻው በሚያስገባው መንገድ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ከነፒካፑ ወድቆ ሠራተኞች አገኙት። ሌላ ሰው እንዳትልኪ፤ አንች ራስሽ ነይልኝ።»

«መጣሁ ጋሽ ቸሩ» አለችና ጫማዋን ሳታስር ተነሣች።

ጋሽ ቸሩ ሲጠሯት እምቢ ብላ አታውቅም። የትራክተር ሾፌር የነበረው አባቷ ሲሞት እሷ ገና ተማሪ ነበረች፤ ያን ጊዜ የጣቢያው አዛዥ የነበሩት ጋሽ ቸሩ ናቸው ከቤቷ አውጥተው ለዚህ ሥራ ያበቋት። በምረቃዋ ቀን በአባቷ ወንበር የተቀመጡትም እሳቸው ናቸው። ያስተማሯትን ነገር ሁሉ ብትረሳ አንዱን አትረሳም፦ «ንጹሕ ሰው የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ጥፋተኛ ያልተጠየቀውን።» ይህን ቃል እሷም በተራዋ ለአዲስ ፖሊሶቿ እንደ ዳዊት ታስደግማቸዋለች።

ሟቹ ቢሻው ደግሞ የሰሊጥ ገበሬ ነው፤ የጋሽ ቸሩ የልብ ወዳጅ። ጋሽ ቸሩ ለሠርጉ ሚዜው ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ነጭ ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዝተው የኮኪት ሰው መኪኖቹንም ባለመኪኖቹንም «መንትዮቹ» እያለ ይጠራቸው ነበር።

የትናየትና ረዳቷ ሳጅን አንዱአምላክ ሲደርሱ ፒካፑ ወንዙ አሸዋ ላይ በአፍንጫው ተተክሎ ጭራውን ሰቅሏል። ቢሻው መሪው ላይ ተደፍቷል። ግንባሩ ላይ ጭረት እንኳ የለም፤ ማጅራቱ ላይ ግን ደም ረግቷል። ጋሽ ቸሩ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት ተነሥተው አቀፏትና አለቀሱ። እሷም አብራ አለቀሰች።

«ምን ነካው ጋሽ ቸሩ?»

«ምን ይነካዋል፣ ጥጋብ ነው እንጂ። ሀቡብ ውስጥ ነዳ።» ወደ መኪናው አፍንጫ ጠቆሟት። ከፊት መከላከያው ሥር ሁለት ትንንሽ መብራቶች ተገጥመዋል፤ ሾፌሮች የጉም መብራት የሚሏቸው ናቸው። በቆላው ጉም የት አለ ቢሉ፣ አቧራው ከጉም ይብሳል። የቀኙ ደቅቋል፤ የግራው ግን ደህና ነው፤ መስታወቱ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው።

«ሽቦውን እይው» አሉ ጋሽ ቸሩ። «ነዷል። ይችን ቢጫ መብራቱን ተማምኖ ገባ፤ መሀል ላይ ሽቦው ሲነድ ድርግም አለችበት። ይኸ የሙዓዝ ሥራ ነው፤ መተማ ዮሐንስ ላይ መብራት የሚገጥመው እሱ ነው። ቢሻውን የገደለው የሱ ሽቦ ነው።»

«ማጅራቱስ?»

«መኪናው ሲወድቅ ወደ ኋላ ተወርውሮ ብረት አግኝቶት ይሆናል።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እኔ ትናንት ቤቴ ቁጭ ብየ ሀቡቡን በመስኮት እያየሁ ነበር፤ መኪናየን ከግቢ ንቅንቅ አላደረግኋትም። ቢሻውን ከእሑድ ወዲህ አላየሁትም፣ በስልክም አላወራሁትም። መብራት መግዛቱን እንኳ ያወቅሁት አሁን እዚህ ቆሜ ነው።»

የትናየት ይህን አልጠየቀችም ነበር። አለመጠየቋንም ልብ አለች፤ ግን ኀዘን ሰውን ያስለፈልፋል ብላ ለራሷ መልስ ሰጠች። የሚወዱትን ሰው ለመጠራጠር እጅ ይከብዳል። ከሰዓት በፊት ሙዓዝ ከነሥራ ቱታው ተይዞ ገንዳ ውሃ ጣቢያ ገባ።

እሷና ሳጅኑ ግን ወደ መተማ ዮሐንስ ወረዱ። ጠረፉ ላይ የጭነት መኪናው ተደርድሮ፣ ባጃጁ በመሀሉ እየተሹለከለከ፣ ሻንጣ የተሸከመው ወደ ሱዳኗ ገላባት በእግሩ ይሻገራል። ሐጂ አብዱልሀኪም የመለዋወጫ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። ሐዘኑን ሰምተዋል።

«ሐጂ፣ ለሟቹ ነጩን መብራት የሸጡለት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ቀደመ ሳጅን አንዱአምላክ።

«ነጭ ማን አለህ?» አሉ ሐጂ። «እኔ ለቢሻው ነጭ አልሸጥሁም። ተቀመጡ፣ ልንገራችሁ። እኔ በዕድሜየ ብዙ ገዥ አይቻለሁ፤ እንደ ቢሻው መብራት የመረጠ ግን፣ ወላሂ፣ ሚስት የሚመርጥም እንዲያ አያገላብጥ።»

ከመደርደሪያው ክንድ ሙሉ የሚሆን ረጅም መብራት አወረዱ። «መጀመሪያ ይችን፣ ጣሪያ ላይ የምትጋደመውን አሳየሁት። ከላይ የሚበራ መብራት አቧራውን ነጭ ግድግዳ አድርጎ ዓይኔ ላይ ይመልስብኛል አለ። እውነቱን ነው፤ ለአቧራ መብራት ዝቅ ሲል ነው። ክብ ነጮችን አወጣሁለት፤ እነዚህማ አገር ሁሉ ያላቸው ናቸው ብሎ ገፋቸው። መስታወታቸው ቢጫ የሆኑትን ሰጠሁት። አቧራ ይሰነጥቃሉ፣ ግን የሱዳን ጭነት መኪና ሁሉ እነሱን ነው የገጠመው አለኝ።»

«ታዲያ ምን ፈለገ?» አለች የትናየት።

«እኔም እሱኑ ጠየቅሁት። ሌላ ሰው የሌለውን አለኝ። አንድ ጥንድ ብቻ ነበረኝ፤ ቀን ሲያዩዋቸው መስታወታቸው ንጹሕ ነው፣ ተራ ነጭ መብራት ይመስላሉ። ሲበሩ ግን ብርሃናቸው የእንቁላል አስኳል ነው። ለሌላ ሰው ሸጠሃል? አለኝ። አልሸጥሁም አልሁት። ቢሻው፣ አቧራውን ለማየት ይኸን ያህል ምርጫ ምንድን ነው ብለው፣ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «እኔ መብራት የምገዛው ለማየት አይደለም፣ ለመታየት ነው አለኝ።»

የትናየት ወደ ሐጂ ጠጋ አለች። «ሲበሩ ያያቸው ማን ነው?»

«ሙዓዝ ገጥሞ ሲሞክራቸው እኔና ቢሻው ነበርን። ከዚያ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ሲቀላ፣ ሀቡቡ ሳይደርስብኝ ልግባ ብሎ ሄደ።»

«ለሌላ ሰው አውርተዋል?»

«ለማን? ሱቄን ዘግቼ ተኛሁ። ሙዓዝም እንደኔው። ስነሣ ልጁን ፖሊስ ወስዶታል።»

በመመለሻው መንገድ ሳጅኑ ሁለት ጊዜ ሊያጫውታት ሞከረ፤ ሁለት ጊዜም መስኮቱን አናገረ።

በማግስቱ ጧት ሙዓዝን አስጠርታ ከፊቷ አስቀመጠችው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጣቶቹ በጥቁር ዘይት የቀለሙ ሰው ነው። ሚስቱ ሩፊዳ ሕፃን ታቅፋ ከጣቢያው አጥር ውጭ ከትናንት ጀምሮ አልተነሣችም።

«እኔ ገድየ ከሆነ ስቀሉኝ» አለ። «ግን ፊውዙን አይታችሁታል? እኔ ፊውዝ ሳላስገባ መብራት አልገጥምም። ሽቦዬ ቢነድ ኖሮ ፊውዙ ቀድሞ ይበጠስ ነበር። ካልተበጠሰ ሽቦውን ያነደደው ሌላ እሳት ነው።»

«ኮማንደር ቸሩ ሥራህን ያውቁታል?»

«እንዴት አያውቁትም? መንትዮቹ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚመጡት። ባለፈው ሳምንት እንኳ የሁለቱንም ዘይትና የአየር ማጣሪያ በአንድ ቀን ቀይሬላቸዋለሁ። ቢሻው እየቀለደ፣ ለቸሩ ያደረግኸውን ለኔም አድርግ፣ እንዳንቀናና ብሎኝ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ጥሩ ሰው ነበር።»

ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። ኮኪት ላይ፣ የቢሻው ግቢ ውስጥ ከኒሙ ዛፍ አጠገብ ድንኳን ተተክሏል። ጋሽ ቸሩ ወገባቸውን በነጠላ ታጥቀው እንግዳ ይቀበላሉ፣ ወንበር ያመቻቻሉ፤ የቤቱ ወንድም እሳቸው ናቸው። የትናየት የሟቹን ሚስት ባየሽን ወደ ጓዳ ገብታ ብቻዋን አገኘቻት።

«እትዬ ባየሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቢሻው ለመታየት ሲል መብራት የገዛው ለምንድን ነው?»

ባየሽ የጓዳውን በር ዘጋች። «ሐሜቱን አልሰማሽም? ነጭ ደብል ጋቢና ከደጋ ለአረም የሚወርዱትን ልጃገረዶች በሸራ ሸፍኖ ወደ ማዶ ያሻግራል ተባለ። የኛ መኪና ናት አሉ። አሰበች የምትባል ከጎጃም የመጣች እናት ደጃችን ላይ ቆማ፣ ልጀን መልስልኝ ብላ ረገመችው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሴቶቹ ከአጠገቤ ይነሣሉ። ቢሻው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሌላ መኪና ነው፣ ማንም እንዳይሳሳት የኔን ምልክት አደርግባታለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ለፖሊስ አመለክታለሁ አለ።»

«ይህን ሐሳቡን ለማን ነገረ?»

«ለማን ይነግራል? ለቸሩ ነዋ። ቅዳሜ ማታ እዚሁ ቤት ተቀምጠው አውርተዋል። ቸሩ ፖሊስ የነበረ ነው፣ እሱ ያጣራልኛል እያለ ነበር።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። «እንኳን እሱ አለልን። ያለሱ ምን እሆን ነበር።»

የትናየት ተነሥታ ወጣች።

ከወንዙ ተጎትቶ የመጣው ፒካፕ ከግቢው ጀርባ ቆሟል። ሳጅን አንዱአምላክን ጠራችውና አብረው መረመሩት። ፊውዙን አወጡት፤ ጤነኛ ነው። የነደደው ሽቦ ከውጭ ጥላሸት ለብሷል፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን አዲስ እንደሆነ ነው። ማርሹ ፍሪ ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኑም ወርዷል። የኋላ መስታወቱና በሩ በቀይ አፈር ተመርገዋል፤ የፊቱ ራዲያተር ግን ንጹሕ ነው።

«ኮፈኑን ክፈተው» አለችው። የአየር ማጣሪያውን መዝዛ ወደ ፀሐይ አነሣችው። ነጭ ነው። ብርሃኑ አልፎ ፊቷ ላይ ወደቀ።

አባቷ ትራክተሩን ሲነዳ ጭኑ ላይ አስቀምጧት ያስተማራት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። የቆላ ሰው ሀቡብ ሲመጣ ጀርባውን ለነፋሱ ይሰጣል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ መስኮቱን ዘግቶ ይጠብቃል። ሀቡብ የተነፈሰ ሞተር ታንቆ ይሞታልና።

«እንግዲህ ቢሻው አልነዳም» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

«አልነዳም።»

መኪናው ጎማ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ የሰማችው ስንት ጊዜ ነው፤ ሲጥል እንዲህ እንደሚያም ግን ማንም አልነገራትም። ሰውየው ሌላ መርማሪ እንዳይመጣ የፈለጉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። አንች ራስሽ ነይልኝ ያሏት ጎበዝ ስለሆነች አልነበረም። ስለምታምናቸው ነበር። ይህ ከግድያው ባልተናነሰ አቃጠላት፤ በዚያም አፈረች።

ሳጅኑን ወደ ጠረፉ ላከችው። ሲመለስ ያመጣውን ወሬ ሰምታ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

በሣልስቱ ቀን ረፋድ ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የትናየት ሙዓዝን በካቴና ይዛ ገባች። ሐጂ አብዱልሀኪም ከመተማ ዮሐንስ ለማስተዛዘን መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ከአጥሩ በር ላይ አንዲት ጠይም ሴት በኩታ ተሸፋፍና ቆማለች፤ አሰበች ናት። ሳጅኑ ነው የጠራት። የቢሻው ፒካፕ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወጥቶ ከጋሽ ቸሩ ፒካፕ ጎን ቆሟል። አንዱ ከመድቀቁ በቀር የሚለያቸው የለም።

«የትና፣ ይኸ እኮ የለቅሶ ቤት ነው» አሉ ጋሽ ቸሩ በለሆሳስ። «ምርመራሽን ወደ ቢሮሽ።»

«እዚህ ያለው ሰው ነው ቢሻውን ሲያማ የከረመው ጋሽ ቸሩ። ስሙ ሲጠራም ይኸው ሰው ይስማ።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ቢሻው በአደጋ አልሞተም። ማጅራቱን በብረት ተመትቶ ነው። ሐኪሙም አረጋግጧል።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። የትናየት ቆማ ጠበቀችው።

«ሀቡብ ውስጥ ሲነዳ ሽቦው ነዶ መብራት ጠፋበት ተብሎ ነበር። ሽቦው በራሱ ቢነድ ፊውዙ ይበጠስ ነበር፤ ይኸው ጤነኛ ነው። ሽቦውን ከውጭ በእሳት የለበለበው ሰው ነው። ለምን? ሙዓዝ እንዲከሰስ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ ነው።» የሙዓዝን ካቴና ፈታችና በእጇ ያዘችው። «ሙዓዝ፣ የቢሻውን ማጣሪያ አውጣና አሳያቸው።»

ሙዓዝ አወጣው። ነጩ ማጣሪያ ከሽማግሌ ሽማግሌ እጅ ዞረ። ለቆላ ሰው ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«ሞተሩ ጠፍቶ ነበር» አሉ ሐጂ አብዱልሀኪም። «ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ቆሟል።»

«አዎ። የኋላው መስታወት በአፈር ተመርጎ የፊቱ ንጹሕ የሆነው ለዚያ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ቤቱ እየመጣ፣ ሀቡቡ ወንዙ ዳር ሲደርስበት እንደ ደንቡ ቆመ። መኪናው ማርሹ ፍሪ ላይ ሆኖ በሰው እጅ ተገፍቶ ነው ወንዝ የገባው። እንግዲህ በዚያ ሰዓት፣ ደንቡን ጥሶ ሀቡብ ውስጥ የነዳ ሌላ ሰው ነበር። መንገዱ ላይ ማንም እንደማያየው ያውቃል።»

«ማን ነው?» አለች ባየሽ።

የትናየት የግራውን፣ ያልተሰበረውን መብራት ከመኪናው አስፈትታ ነበርና ለሰዉ አነሣችው። «ይኸ መብራት ሲበራ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነዋ» አሉ ብዙ ሰዎች።

«ሳጅኔም ነጭ ብሎት ነበር። ሙዓዝ፣ ከባትሪ ጋር አገናኘው።»

ሙዓዝ ሁለቱን ሽቦ ከባትሪው ጋር አሰረ። ከድንኳኑ ጥላ ውስጥ የአስኳል ብርሃን ቦግ አለና የሰዉን ፊት ሁሉ ቢጫ አለበሰው። አንዳንዱ ከመቀመጫው ተነሣ።

«በርቶ ያላየው ሰው ቢጫ መሆኑን አያውቅም» አለች የትናየት። «በርቶ ያዩት ሙዓዝ፣ ሐጂና ቢሻው ናቸው። ሁለቱ ለማንም አልተናገሩም። ቢሻው ደግሞ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሞቱ ነው የሄደው። ጋሽ ቸሩ፣ ወንዙ ዳር ‹ይችን ቢጫ መብራቱን ተማምኖ ገባ› አሉኝ። መብራት መግዛቱንም ያወቅሁት አሁን እዚህ ቆሜ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ አልጠየቅሁዎትም ነበር። የት ነው በርቶ ያዩት?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሽ ቸሩ ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«አንች ልጅ፣ ለአቧራ የሚገዛ መብራት ቢጫ መሆኑን ማን ያጣዋል? ገምቼ ነው።»

«ይሁን። መኪናዬ ከግቢ ንቅንቅ አላለችም ብለውኛል። የሁለታችሁም ማጣሪያ የተቀየረው በአንድ ቀን ነው። ሙዓዝ፣ የሳቸውንም ክፈተው።»

«ያለ ፈቃዴ መኪናየን ማንም አይነካም!»

ባየሽ ድምፁን ሰምታ ቀና አለች። ለሠላሳ ዓመት ከምታውቀው ሰው አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ ሰምታ አታውቅም።

«የፍርድ ቤቱ ፈቃድ እነሆ» አለ ሳጅን አንዱአምላክ።

ሙዓዝ ማጣሪያውን ሲመዝዘው ቀይ አፈር እንደ በርበሬ ተዘረገፈ። ገላጭ አላስፈለገም። ሳጅኑ ከመቀመጫው ሥር የመፍቻ ከረጢቱን አውጥቶ ሸራ ላይ ዘረገፈው። መፍቻው ሁሉ ቅባትና አቧራ ለብሷል፤ የጎማ መፍቻው ብረት ብቻ በቤንዚን ታጥቦ ያበራል።

«ላዩን አጠቡት፣ ብረቱንም አጠቡት» አለች የትናየት። «የመኪናው ሳንባ ግን ትዝ አላለዎትም። ቅዳሜ ማታ ቢሻው ሐሳቡን ሁሉ ነገረዎት። ነጭ ደብል ጋቢና በዚህ አካባቢ ሁለት ብቻ ነው፤ የሱ መኪና ምልክት ካገኘች ሁለተኛዋ እርቃኗን ትቀራለች። ትናንት ሳጅኔ ጠረፍ ላይ ሻይ የሚሸጡትን ጠይቋል። የኮማንደሩን መኪና ማን ይፈትሻል፣ ሰላም ብሎ ማሳለፍ እንጂ ነው ያሉት። ልጆቹን በሸራ ሸፍነው ያሻገሩት እርስዎ ነዎት። ስሙን ደግሞ ሚዜ የሆኑለትን ወዳጅዎን አሸከሙት።»

«ግን እንዴት አገኘው?» አለች ባየሽ። «በሀቡብ ሰው መዳፉን አያይም።»

የትናየት ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። «እትዬ ባየሽ፣ ቢሻው ከፊቱ የመኪና ድምፅ ሲሰማ፣ እንዳይገጨው መብራቱን አበራ። ገዳዩም በዚያ መብራት አየው። መስኮቱን ያወረደለትም ወዳጁ መሆኑን ሲያውቅ ነው።»

ባየሽ እሪ አላለችም። ወደ ቸሩ ሄዳ ወገቡ ላይ የታጠቀውን ነጠላ ፈታች፤ የባሏ ነጠላ ነበር። አጥፋ ታቀፈችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሰውየው ከዚያ በኋላ ነው ወንበሩ ላይ ዘፍ ያለው።

አሰበች ከበሩ ወደ ውስጥ ገባች። «እኔ የሰው መኪና አልለይም» አለች። «ነጭ መሆኑን ብቻ ነው ያየሁ። ያልበደለኝን ሰው ረግሜ ገደልሁት። እንደው በየት ብየ ነው ልጀን የማገኛት?»

የትናየት ከቸሩ ፊት ቆመች። ከልጅነቷ ጀምሮ ለዚህ ሰው አንቱታ አጓድላ አታውቅም።

«ልጅቱን የት አደረስሃት?»

ቸሩ ቀና ብሎ አያት። በጥፊ የተመታ መሰለ። ሲናገርም ለአሰበች አልነበረም፣ ለመሬቱ ነው። «አልተሻገረችም። ወሬው ሲበዛ ፈራሁ። መተማ ዮሐንስ፣ ከከብት ገበያው ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነች። ሌሎች ሁለትም አሉ።»

ሳጅን አንዱአምላክ ስልኩን እያወጣ ሮጦ ወጣ። አሰበች ባየሽ እግር ሥር ወደቀች። ባየሽ በአንድ እጇ ነጠላውን እንደያዘች በሌላው አነሣቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት።

ቸሩ ሳይጠየቅ እጆቹን አጣምሮ ዘረጋ፤ የእጁን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጎ፣ ራሱ እንዳስተማራት። የሙዓዝን እጅ ሲጎዳ የሰነበተው ካቴና ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

«ደህና አድርጌ አስተምሬሻለሁ» አለ ዝቅ ብሎ። «ቢያንስ ይኸን አትክጅኝም።»

«ለቢሻውም ሚዜው ነበርህ» አለችው። «ብዙ መርማሪ እያለ እኔን የጠራኸኝ ዓይኔን ጨፍኜ እንደማምንህ ስለምታውቅ ነው። በሕይወቴ የምወደውን ሰው አንተን አድርጌህ ነበር። ያን የምወደውን ሰው ነው የገደልህብኝ።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሐሜተኞቹ ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሡ ባየሽ አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። ይቅርታ ያለ የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሐጂ አብዱልሀኪም ለሙዓዝ ባጃጅ አስጠሩለት፤ ሩፊዳ ገንዳ ውሃ ጣቢያው አጥር ሥር ትጠብቀው ነበር።

ሙዓዝ ከመሄዱ በፊት መብራቱን ከባትሪው ሊያላቅቀው ጎንበስ አለ።

«ተወው፣ አታጥፋው» አለች ባየሽ።

ሙዓዝ ሽቦውን ለቀቀ። መብራቱ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ እንደበራ ዋለ።